ኩፍኝ የሚያጠፋው እርሳስ

አባቴ ኩፍኝን በእርሳስ ያጠፋ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው። ያየሁት የወተት ጥርሴ ተነቅሎ ሳያልቅ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ሰው ያየውን ያምናል እንጂ አይመረምርም።

ቤታችን ከፊት ፎቶ ቤት፣ ከኋላ መኖሪያ ነበር። በሁለቱ መሀል መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተደፈነ ጨለማ ክፍል አለ። ፎቶ የሚታጠበው እዚያ ስለሆነ ኮምጣጣ ሽታው ትራሳችን ድረስ ይመጣ ነበር። የአባቴ ጠረጴዛ ግን ከፊተኛው ክፍል መስኮት ሥር ነው። እንደ ሰው ጠረጴዛ አይደለም። ፊቱ እንደ ጣሪያ ዘመም ብሎ መሀሉ ላይ መዳፍ የምታህል ደብዛዛ ብርጭቆ ተገጥሞለታል፤ ከሥሩ የተቀመጠች መስታወት የመስኮቱን ብርሃን ተቀብላ ወደ ላይ ትልካለች። አባቴ ነጌቲቩን ብርጭቆዋ ላይ ያስቀምጥና ጥቁር ጨርቅ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ፣ በብርጭቆ ወረቀት እንደ መርፌ ባሾላት እርሳስ ጠብ ጠብ ማድረግ ይጀምራል።

ነጌቲቭ ማለት የተገለበጠ ሰው ነው። ፊቱ ጥቁር፣ ጥርሱ ጥቁር፣ ጸጉሩ እንደ ሽማግሌ ነጭ። ፊት ላይ ያለ ብጉርና ጠባሳ ደግሞ እንደ ቀዳዳ ብርሃን ያሳልፋል። አባቴ ያንን ቀዳዳ በእርሳስ ይደፍነዋል፤ ፎቶው ሲታተም ብጉሩ የለም። እጁ ወርቅ ነበር፤ የነካው ቦታ አይታወቅም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አንድ ጊዜ የራሷን ፎቶ ተቀብላ ደጋግማ ካየችው በኋላ፣ "ወንድ ብሆን ይቺን ነበር የማገባት!" ብላ ተራ የሚጠብቀውን ሁሉ በሳቅ ገድላዋለች።

"ምን እያደረግህ ነው አባዬ?" እለዋለሁ፣ ጨርቁን ገለጥ አድርጌ።

"ሰው ከጉድ እያወጣሁ ነው፣ እሜቴ።"

እሜቴ የሚለኝ ሲያሾፍብኝ ነው። የማያሾፍበት ቀን ስላልነበረ ስሜ እሱ ሆኖ ቀረ።

የዚያን ዓመት ኩፍኝ ትምህርት ቤታችን ገባ። መጀመሪያ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው "ወላቃ" የምንላት ልጅ ዓይኗ ቀልቶ፣ እያነጠሰች መጣች። ከዚያ ፊቷ ሽፍ አለ። ከዚያ ከኋላዋ የሚቀመጡት፣ ከዚያ የጎረቤት ክፍል ልጆች። አስተማሪያችን ስም ስትጠራ "አቤት" የሚላት እያነሰ ሄደ። እኔ ምንም አልሆንኩም፤ እናቴ እንደምትለው ገና ጡት ሳልጥል ወጥቶልኝ አልፏል።

ኩፍኙ የገባው ዳይሬክተሩ የተማሪውን ሁሉ ጉርድ ፎቶ ለፈተና ካርድ በሚፈልግበት ሰሞን ነበር። ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው። በራችን ላይ ቆሞ ለአባቴ፣ "ፈተና ኩፍኝ አይጠብቅም። መቆም የቻለውን ሁሉ እልክልሃለሁ፤ ፊታቸውን እንደምታደርገው ታደርገዋለህ። አይመቸኝም ካልክ መንገድ ማዶም ፎቶ ቤት አለ" አለው።

እናቴ ከኋላ ክፍል ሰምታ ወጣች፤ እጇ የሳሙና አረፋ እንደሆነ ነው።

"ዝጋው!" አለች ዳይሬክተሩ ገና ሳይርቅ። "እስኪያልፍ ዝጋው እንጂ! እነዚህን ልጆች ቤቴ አታስገባብኝ።"

"ኧረ ተይ፣ ኩፍኝ ያልወጣበት ልጅ የት አለ? መጥቶ ይሄዳል።"

"አታስገባብኝ ብያለሁ!"

እናቴ ወለል ከወለወለች በኋላ የሚገባ ሰው አትወድም። ስለ ወለሉ መሰለኝ። እንዲያውም አባቴን አግዤ፣ "ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ እማዬ" አልኳት። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ወዲያው ከእኔ ወርዶ እግሯ ሥር የሚድኸው ወንድሜ ላይ አረፈ።

ወንድሜ ድንቡሼ ነው። ሌላ ስም ነበረው፣ የጠራው ሰው ግን ትዝ አይለኝም። ጉንጩ ከትከሻው የሚተርፍ፣ ገና ግድግዳ ይዞ መቆም የጀመረ፣ ሰው ሲያይ ምራቁን እያዝረበረበ የሚፈነድቅ ልጅ ነበር። እንግዳ መውደዱ ለጉድ ነው። ልጆቹ እየተሰለፉ ሲመጡ አባቴ በርጩማዋ ላይ አንድ በአንድ ያስቀምጣቸዋል፤ ተራ የሚጠብቁት ደግሞ ድንቡሼን ከእቅፍ ወደ እቅፍ ይቀባበሉታል። ፊታቸው ሽፍ ያለ፣ አፍንጫቸው የሚዝረከረክ፣ እያሳሉ የሚስቁ ልጆች። እሱ ጉንጫቸውን በሁለት እጁ ይጨመድዳል፤ ነጠብጣቡን ሊለቅመው ይሞክራል። የቤቱ ደስታ ብታዩት! እናቴ ብቻ በጨለማው ክፍል በር እየመጣች ትነጥቃቸውና ይዛው ትሄዳለች፤ እሱ ያለቅሳል፣ ዞር ስትል አምልጧት እየዳኸ ይመለሳል። እሱን መልሼ ለልጆቹ የማቀብለው እኔ ነበርኩ፤ የእንግዳ ተቀባይነት ሥራዬ ነበር።

ያን ሰሞን አባቴ ከጠረጴዛው አልተነሳም። የወላቃ ነጌቲቭ ብርጭቆዋ ላይ ሲቀመጥ እኔም ጨርቁ ውስጥ ራሴን አስገባሁ። ፊቷ ወንፊት ሆኗል። አባቴ ከግንባሯ ጀመረ፤ ጠብ ጠብ፣ ጠብ ጠብ። አንዷ ቀዳዳ ጠፋች፤ ሌላዋ ጠፋች። ትንፋሼን ውጬ አየሁ።

"ይኸው፣ ዳነች" አለኝ ሲጨርስ። "የእኔ እርሳስ የማያድነው የለም።"

ሲያሾፍብኝ ነው። ግን ወላቃ በሚቀጥለው ሳምንት ጉንጯ ጥርት ብሎ ክፍል መጣች። ፎቶዋን አየሁ፣ እሷን አየሁ፣ አንድ ናቸው። ከዚያ ሌላው መጣ፤ እሱንም አባቴ ሲያጠፋለት አይቻለሁ። ከዚያ ሌላዋ። አባቴ ያጠፋለት ሁሉ ድኖ ይመጣል። ለወላቃ በእረፍት ሰዓት ምስጢሩን ነገርኳት። አመነችኝ፤ ዳቦዋን ለሁለት ገምሳ ትልቁን ለእኔ ሰጠችኝ።

ኩፍኝ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ መጥቶ በራሱ የሚሄድ በሽታ መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም። የማይሄድበት ጊዜ እንዳለም የነገረኝ የለም።

ከክፍላችን ሳይድን የቀረው የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ነው። ፎቶ በተነሳንበት ሰሞን ቤቱ ተኝቶ ነበር። አንድ ጠዋት አስተማሪያችን ወንበሩን ወደ ጥግ ወስዳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ከሰዓት በኋላ ዳቦ ጋጋሪው ፎቶ ቤታችን መጣ። ክንዱ እስከ ክርኑ ዱቄት እንደሆነ ነው፤ በብብቱ ትኩስ ዳቦ ይዟል።

"ወንድሜ፣ የልጄን ፎቶ ፈልጌ ነበር" አለ።

አባቴ እርሳሱን አስቀመጠ። "ልጅህ… ያን ቀን አልመጣም።"

"አውቃለሁ አለመምጣቱን። እንደው የሌላ ልጅ ፎቶ ላይ፣ ዳር ላይ ቆሞ ቢሆን ብዬ ነው። ባለፈው ዓመትም ቢሆን። ትከሻው እንኳ ቢሆን።"

አባቴ የነጌቲቭ ሣጥኖቹን ሁሉ አወረደ። ያለፈውን ዓመት፣ ካቻምና ያነሳውን፣ አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያነሳ አየ። ዳቦ ጋጋሪው ቆሞ ጠበቀ። ዱቄቱ ወለሉ ላይ ረገፈ፤ እናቴ ግን ምንም አላለችም። አልተገኘም። ሰውየው ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣ "ለደከምክበት ነው" ብሎ ወጣ። ያንን ዳቦ የቆረሰው ሰው የለም። እኔ ብቻ ልቤ ጸና፤ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነልኛ! ፎቶ የተነሳ ይድናል፣ ያልተነሳ አይድንም።

ስለዚህ ድንቡሼ ሲያተኩሰው አልፈራሁም። እንዲያውም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ዓይኑ ቀላ፣ አፍንጫው ፈሰሰ፣ ከዚያ ከጆሮው ጀርባ ጀምሮ ሽፍታው ወደ ፊቱ ወረደ። የፎቶ አንሺ ልጅ ምን ይሆናል ብዬ? አባቴ አቅፎ በርጩማዋ ላይ እስኪያስቀምጠው ጠበቅሁ። አባቴ ግን ካሜራውን ትቶ መድኃኒት ቤት ይሮጣል፤ ነርስ ይዞ ይመጣል፤ ነርሷ ጆሮዋን ደረቱ ላይ አድርጋ ታዳምጥና ከአባቴ ጋር በር ላይ በሹክሹክታ ታወራለች።

"አንሳው እንጂ አባዬ!"

"ዝም በይ።"

"ፎቶ አንሳው!"

"ዝም በይ አልኩሽ አንቺ ልጅ!" እሜቴ ሳይለኝ ሲቀር ያ የመጀመሪያው ነው።

ድንቡሼ ሳሉ ባሰበት። ሲተነፍስ የጎኑ አጥንቶች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ ያ ሁሉ ጉንጭ የት እንደሄደ እንጃ። እናቴ እርጥብ ጨርቅ ግንባሩ ላይ እያደረገች ሌት ተቀን አልተነሳችም። አንድ ቀን ጨለማው ክፍል ውስጥ፣ ከጥቁሩ ጨርቅ ጀርባ ተሸጉጬ ወደ ኋላ ክፍል ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

"ዝጋው አልኩህ" ትላለች እናቴ። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው። "ዝጋው አላልኩህም?"

"ብለሻል።"

"ያስገባሃቸው አንተ ነህ።"

"ነኝ።"

"በልጄ ላይ።"

እኔ አሁንም ስለ ወለሉ መስሎኝ፣ ይሄ ሁሉ ለጭቃ ነው እንዴ ብዬ በእናቴ ተናደድኩ። ዛሬ ልጅ አሳድጌ ያንን "ነኝ" አስታውሰዋለሁ። አባቴ በሕይወቱ ሰበብ ሳይደረድር አንድን ነገር ሲያምን የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ እናቴ ያንን ቃል ተናገረች።

"አንሳው።"

"ምን?"

"ፎቶ አንሳው። እንደ ዳቦ ጋጋሪው ሚስት ባዶ እጄን አልቀርም።"

"ምን ዓይነት ወሬ ነው! ዛሬውኑ ሆስፒታል እንወስደዋለን፤ የለመንኩት ሰው መኪናውን ይዞ ይመጣል፤ ይድናል…"

"አንሳውና እንወስደዋለን።"

ከጨርቁ ጀርባ ሆኜ በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። እናቴም ገባት! የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ልጇን ፎቶ ሳታስነሳ በመቅረቷ የሆነውን አውቃለች። ሰው የታመመ ልጁን ታቅፎ ፎቶ ቤት የሚመጣው ለምን እንደሆነ አባቴ በሥራ ዘመኑ ስንቴ እንዳየ፣ እናቴም ያንን አውቃ እንደጠየቀችው፣ እኔ ምኑንም አላውቅ።

እናቴ በቤት ልብሷ፣ ሻሿ ከግንባሯ ሸርተት እንዳለ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ድንቡሼን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፊቱን ወደ ካሜራው አዞረችው። አንገቱ አልጸና ስላለ በመዳፏ ደገፈችው። አባቴ የካሜራውን ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ከሥሩ ቆየ። ብዙ ቆየ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እየሳቀ መሰለኝ፤ ሕፃን ሲያነሳ ከዚያ ሥር ሆኖ እንደ ዶሮ እየጮኸ ማሳቅ ልማዱ ነውና። የዶሮው ድምፅ ግን አልመጣም። ድንቡሼም አልሳቀም፤ ካሜራውን ብቻ አየ።

አባቴ እዚያው አጥቦ ነጌቲቩን ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቀለው። መኪናው ስለዘገየ ደርቆ ሲያወርደው አይቻለሁ። ጠረጴዛው ላይ ያደርገዋል ብዬ ወንበሩን ሳብ አደረግሁለት። እሱ ግን በስስ ወረቀት ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

"አባዬ፣ አላጠፋህለትም እኮ!"

"አልነካውም።"

"ለምን?"

"እጄ አይሄድም፣ እሜቴ።"

አባቴን ጠላሁት። ቃሉ ይኸው ነው፤ ጠላሁት። ለወላቃ ያጠፋ፣ ለዚያ ሁሉ አፍንጫው ለሚዝረከረክ የሰው ልጅ ያጠፋ፣ ለገዛ ልጁ እጄ አይሄድም ይላል! እግሩ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ እናቴ ድንቡሼን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ሮጠች፤ አባቴ እግሩን ከእጄ አላቆ ተከተላት።

ምክንያቱን የነገረኝ እኔ ራሴ እናት ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ሻይ እየጠጣን፣ ሳልጠይቀው። "የሌሎቹን ሳጠፋ እንደሚለቃቸው አውቅ ነበር" አለኝ። "እኔ ጥቂት መቅደሜ ብቻ ነው። ለለቅሶ ተቻኩዬ የማሳምረው የሞተ ሰው ፎቶ ነበር። የእሱን ብነካ በገዛ እጄ ከሕይወት ቆርጬ ማውጣቴ መሰለኝ።" ከዚያ ሻዩን ጠጣ።

እኔን ለልብስ ሰፊዋ አደራ ብለውኝ ነበር የሄዱት። በማግስቱ ፀሐይ ከፍ ስትል እሷ አንዷን ደንበኛ በሜትር ስትለካ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ቁልፋችን የት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። የአባቴ ወንበር ላይ ወጥቼ ተንበረከክሁ፤ ስሱን ወረቀት ፈታሁ። ድንቡሼ ተገልብጦ አየኝ፤ ጥቁር ፊት፣ ነጭ ጸጉር፣ ጉንጩ ላይ የብርሃን ቀዳዳዎች። እርሳሷን እንደ አባቴ በብርጭቆ ወረቀት አሾልኳት። ጥቁሩን ጨርቅ ተከናነብሁ።

"ይቺ የግንባርህ" አልኩት። "ይቺ የአፍንጫህ። አትንቀሳቀስ እንጂ አንተ!"

ምላሴን አውጥቼ፣ እጄ እስኪዝል ሠራሁ። ቀዳዳዋ እሺ ብላ እንድትጠፋ ጫን፣ ጫን አደረግሁ። የእርሳሷ ጫፍ ተሰበረ፤ እንደገና አሾልኩ። ከዓይኑ ሥር፣ ከከንፈሩ ጎን፣ ኩፍኙ ከጀመረበት ከጆሮው ሥር። አንዲትም አላስቀረሁም። ስጨርስ እንደ አባቴ እፍ አልኩበት። ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ እስከ ዛሬ አልተደገመልኝም። ሆስፒታል ውስጥ ድንቡሼ ተነስቶ ተቀምጦ፣ ነርሶቹን ጉንጫቸውን እየጨመደደ ታየኝ።

መኪናው መጥቶ ሲቆም ሰማሁና በሩጫ ወጣሁ። ልብስ ሰፊዋም ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ እኔን ፍለጋ ወጥታለች። መጀመሪያ እናቴ ወረደች። ብርድ ልብሱን ይዛለች፤ ታጥፎ ነበር። ትኩሳቱ ለቆት ብርድ ልብስ አልፈልግ ብሎ ነው አልኩ፤ አባቴ አቅፎታል። አባቴ ወረደ። በሩን በሁለት እጁ ዘጋ።

"አጠፋሁለት!" ብዬ ጮህኩ። "እማዬ! ሁሉንም አጠፋሁለት! ዳነ አይደል? ዳነ አይደል?"

እናቴ እዚያው መንገዱ ላይ በጉልበቷ ወደቀች። ልብስ ሰፊዋ መጥታ አፌን በመዳፏ ያዘች፤ እጇ የስፌት መኪና ዘይት ይሸታል። የእናቴ ጩኸት ሲመጣ የመጣው ከእኔ ቃል መስሎኝ ነበር።

ቤቱ በሰው ተሞላ። ዳይሬክተሩም መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፤ ሲወጣ አባቴን በር ላይ ጠጋ ብሎ ስለ ቀሪዎቹ ጉርድ ፎቶዎች ጠየቀው። ክትባት ይዘው ነርሶች ትምህርት ቤት የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሰው ቀለል ሲል ልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ነጌቲቭ አይታ ለአባቴ አሳየችው። "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" አለች ቀስ ብላ። "አበላሽታው ይሆን? ሌላ ፎቶ እኮ የላችሁም።"

አባቴ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየው። ግድግዳውን ተደግፌ ጥፊውን ጠበቅሁ።

"ይሄን አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"ጆሮው ሥር ያለውንም?"

"አዎ። የቀረ አለ አባዬ?"

"የለም። አንድም አላስቀረሽም።"

"ታዲያ ለምን አልዳነም?"

አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ጭኑ ላይ አወጣኝ። አገጩ አናቴ ላይ ነበር፤ ፊቱን አላየሁትም። "ዘግይተን ነው፣ እሜቴ" አለ። "አንቺ አይደለሽም። የዘገየነው እኛ ነን።"

የእርሳስ ምልክት ከነጌቲቭ ላይ በጥጥ ይጠረጋል። የእኔን ጠርጎ እንደገና መሥራት ለአባቴ የአንድ ሲጋራ ጊዜ አይፈጅበትም ነበር። አልጠረገውም። እንዳለ አተመው። ጫን ጫን ያደረግሁበት ሁሉ ፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ የድንቡሼ ፊት ዱቄት የተረጨበት መሰለ። አባቴ ፍሬም አሠርቶለት ከእናቴ አልጋ በላይ ሰቀለው። ዘመድ በመጣ ቁጥር ያየዋል፣ "ውይ፣ ምነው እንዲህ ተበላሸ?" ይላል፤ ያ የነካው ቦታ የማይታወቅ ሰው፣ "እንዲያው ነው" ብሎ ያልፋል። አንድ ቀን እንኳ የእኔ ሥራ ነው አላለም።

እናቴ ስለ ፎቶው አንዲት ቃል ተንፍሳ አታውቅም። ትወለውለዋለች፤ በዚያ ያበቃል። ሆድ ይፍጀው ያለች ሴት ናት። እኔም እያደግሁ፣ እየገባኝ ስመጣ፣ ከልጇ የቀራትን አንድ ፊት ያበላሸሁባት እኔ መሆኔን ታውቅ እንደሆነ ልጠይቃት ስንት ዓመት አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። መልሱን ፈራሁት። አባቴ ሞተ፤ ሳልጠይቅ ሌላ ዓመት አለፈ።

አምና የእናቴን ግድግዳ ውሃ ገባበትና ፎቶው ጠርዙ ሻገተ። ኮምፒውተር ያለው ፎቶ ቤት ይዘነው ሄድን። የምትሠራው ልጅ ቁልጭ ያለች፣ ፈጣን ናት። ድንቡሼን መስኮቱን በሚያህል ስክሪን ላይ አወጣችው። ያን ያህል ትልቅ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ የእያንዳንዷ ነጥብ ጭረት፣ እርሳሷ የተሰበረችበት ቦታ ሳይቀር ይታያል። ሽበቴን ይዤ ክው ብዬ ቀረሁ።

"ሻጋታው ቀላል ነው" አለች ልጅቷ። "ይሄ ነጭ ነጭ ነገርስ ምንድን ነው፣ ቆሻሻ ነው? እሱንም ላጥፋላችሁ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።"

እናቴ መነጽሯን አድርጋ፣ ወንበሩን ተደግፋ ተነሳች። ወደ ስክሪኑ ተጠግታ በጣቷ ጫፍ ግንባሩን፣ ከዚያ አፍንጫውን፣ ከዚያ ጆሮው ሥር ያለውን ነካች።

"ተይው ልጄ።"

"እማማ፣ ያምርበታል እኮ…"

"አትንኪው አልኩሽ" አለች እናቴ። "ያከመችው እህቱ ናት።"